የእትዬ ሜትር አራተኛ ካፖርት

ታላቅ እህቴን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ሆይ፤ ታናሽ ወንድማቸው እንደ መሆኔ የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ አዞኛልና በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ሁላችንም እትዬ ሜትር እያልን የምንጠራቸው እኚህ ደግ እናት፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው ጣሪያው በሚያፈስ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው ከሒሳብ በቀር በሁሉም ጎበዝ ተማሪ ሆነው ከጨረሱ በኋላ፣ የተማሪዎች ደንብ ልብስ በሚሰፋበት ቤት በጨርቅ ቆራጭነት ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በታማኝነት አገልግለዋል። ሜትር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይዋል እንጂ ሲለኩበት ያየ የለም፤ ሰውን አንዴ ቃኘት አድርገው መቀሱን ያነሡ ነበርና ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ባልደረቦቻቸው ናቸው። በእሳቸው ፊት ቦርጩን መደበቅ የቻለ ወንድ አልነበረም፤ እኔም ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወልደዋል። የቀበሩት ልጅ የለም፤ ይህን የምለው ኋላ ሲወራ የኖረውን ሐሜት ለማረም ነው።

ክረምት በዚያ ቤት ይናፈቅ ነበር። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር እትዬ ሜትር ከስፌት ቤቱ የተረፈውን ቁርጥራጭ ለቃቅመው ለልጆቻቸው ካፖርት ይሰፋሉ፤ የመጀመሪያው ዝናብ የወረደ ዕለት ልጆቹ አዲሱን ለብሰው በጓሮ ውኃ ሲያንቦጫርቁ፣ አባትየው ከመሪ እንደ ወረዱ ጫማቸውን አውልቀው ይቀላቀሏቸውና እናትየው በመስኮት ሆነው ከልጆቹ ይልቅ ባላቸውን ይቆጡ ነበር። ትንሿ ልጅ ታላላቆቿን ተከትላ መሮጥ በጀመረችበት ዓመት ግን፣ እጃቸው እንደ ልማዱ በግምት ሲቆርጥ ውሎ፣ ሰፍተው ሲጨርሱ ካፖርቱ አራት ሆኖ ተገኘ። አራተኛው ለትንሿ ይሰፋል፣ ለሁለቱ ይጠባል። ሒሳብ ድሮም አይሆንልኝ ብለው በራሳቸው ስቀው በር አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቀሉት። በዝናቡ ዕለት ልጆቹ ተጫውተው ገብተው ሦስቱ ካፖርቶች በየቦታቸው ሲሰቀሉ፣ ማንም ያላወረደው አራተኛው ቀድሞ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር።

ባለቤታቸው ነገሩ አላማራቸውም። በተከታዩ ዓመት ካፖርቱን አውርደው ለምጽዋት ሰጡት፤ እትዬ ሜትርም በባላቸው ልመና ሦስት ብቻ ሰፉ። በመጀመሪያው ዝናብ ትንሿ ልጅ በሸሚዝ ብቻ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ገባች፤ ካፖርቷን የት እንዳደረገች ስትጠየቅ በርዶት ለሚያለቅሰው ልጅ እንደ ሰጠችው፣ እሱን ግን እንደ ጠበበው ተናገረች። በጓሮው ማንም አልነበረም። ካፖርቱ ጭቃ ላይ ተዘርግቶ፣ ስፌቱ ከሁለቱም ብብት ተተርትሮ ተገኘ። ልጅቷ በሳንባ ምች ተይዛ ሐኪሞቹ ተስፋ በቆረጡባት ሰሞን እናትየው ከራስጌዋ ተቀምጠው አንድ ካፖርት በእጃቸው ሰፍተው በጓሮው በር ሰቀሉ፤ ልጅቷም ዳነች። ከዚያ ወዲህ የአራተኛውን ካፖርት ቁልፍ የሚተክሉት አባትየው ነበሩ።

ሦስቱ ልጆች እጅጌያቸው በየዓመቱ እየረዘመ አድገው፣ ተምረውና ትዳር ይዘው ሲወጡ፣ አራተኛው ካፖርት በዚያው ልክ ቀረ። እትዬ ሜትር ባለቤታቸው በሞት ከተለዩአቸው በኋላም በብቸኝነት አማርረው አያውቁም፤ እንዲያውም ሁሉ ጥሏቸው ሲሄድ የጓሮው ልጅ እንዳልሄደባቸው ያጫውቱኝ ነበር። አይፈሩትም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ መጀመሪያ ለልጆቻቸው ፈርተው እንደ ሰፉለት፣ አሁን ግን ለእሱ እንደሚፈሩለት፣ እሳቸው ሲያልፉ የሚሰፋለት ሰው እንዳያጣ እንደሚሰጉ ነገሩኝ።

እህቴ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከትናንት ወዲያ ዐርፈዋል። በስፌት መኪናቸው ላይ እጅጌ ያልተገጠመለት ካፖርት ነበር፤ እኛም ፈርተን ሳንነካው አለፍነው። ትናንት ሰማዩ ሲጠቁር ግን ያቺ ከሳንባ ምች የተረፈችው ትንሿ ልጅ፣ ዛሬ የባንክ ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ ሳይሆንላት፣ ለቀስተኛውን ትታ መኪናው ላይ ተቀመጠች። አንዱን እጅጌ ከሌላው አስረዝማ ገጠመችው፤ እናቷ ቢያዩት ተርትረው በጣሉት ነበር። በጓሮው በር ሰቀለችው። ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ካፖርቱን ርሶ፣ ረጅሙ እጅጌ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ አገኘነው።

እትዬ ሜትር ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆችና እኔን ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ስሙን የማናውቀውንም ልጅ ከእነዚህ ጋር እንድትቆጥሩልን ቤተሰቡ ይለምናል። አምላክ የእህቴን ነፍስ ብርድ በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለአራቱም ልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን።