የማይወድቀው የመሪማ መስመር

እኔና መሪማ በርበሬ በረንዳ በሚባለው ገበያ ጎን ለጎን ነው የምንሸጠው። ልጇ የየቀኑን ሽያጭ በመስመር የሚያሳይ ስክሪን ሱቋ ውስጥ ሰቀለላትና ቅናት አንጀቴን በላው! የእህቴን ልጅ ሰላምን ጎትቼ አመጣኋት፤ ኤስኪውኤል በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ኩዌሪ፣ ማለት ከሽያጭ መዝገቡ ቁጥር የሚያወጣ ትእዛዝ፣ ጽፋ ለእኔም ሱቄ ውስጥ መስመር አወጣችልኝ። ጉድ እኮ ነው፤ የመሪማ መስመር ከላይ አይወርድም፣ የእኔ በየመሃሉ መሬት ይፈጠፈጣል!

«የእኔ ብቻ ለምን ይወድቃል?» ብዬ ጮህኩባት።

«አክስቴ፣ ራጉኤል ሲነግሥ ዘግተሽ የለ? የተዘጋበትን ቀን ዜሮ ብለህ አሳይ ብዬ ነው የጻፍኩት። የእሷ ኩዌሪ ግን ያልተሸጠበትን ቀን ዘሎ መስመሩን ይቀጥለዋል።»

ምን እግሬን ያዘኝ! መሪማ ሱቅ ዘው አልኩ። «አንቺ፣ ለዒድ ዘግተሽ አልነበር? መስመርሽ ላይ የታለ ጉድጓዱ?»

«ተይኝ እባክሽ!» አለች መሪማ። «ልጄ ይሄን መስመር እያየ እናቴ አይደክማትም ይላል። እኔ እኮ ያንቺን ጉድጓድ እያየሁ፣ ታድላ፣ ማረፏ እንኳን ይታይላታል እያልኩ በቅናት አረርኩ!»

በሳቅ ፈረስኩ። ሰላምን ጠርቼ «ለእሷም ቆፍሪላት!» አልኳት፤ ቆፈረችላት። ወይ መሪማ! ጉድጓዷ ከእኔ በዝቶ ቁጭ። ለካ ስታርፍ ነው የከረመችው! ይኸው ደግሞ ቀናሁ።