ልብን ከሁለት በኩል ያዩ የነበሩት የታላቅ እህታችን ዜና ሕይወት

ልትሸኟቸው የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ይህን የምታነብላችሁ የሟች ታናሽ እህት ናት፤ ሌላ ሰው ያንብበው ቢሏት እምቢ ያለችው በምክንያት ነውና እስከ መጨረሻው ታገሷት።

እህታችን የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት ከረጅም መንገድ ሹፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላቸው አባታቸው «ቅብዝብዝ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እናታቸውም ይህችን ልጅ ከማስቀመጥ ውኃ በወንፊት መቅዳት ይቀላል ይሉ ነበር። ቆመው እያጠኑ፣ የፈተና ወረቀታቸውን ከሁሉ ቀድመው እያስረከቡ፣ በራጅና አልትራሳውንድ ሙያ በማዕረግ ተመረቁ።

በኮሪደር ጫፍ ባለች፣ መስኮቷ በጥቁር መጋረጃ በተሸፈነ ጠባብ ክፍል አሥር ዓመት ካገለገሉ በኋላ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተልከው በማኅፀን ያለን ጽንስ ልብ፣ ክፍሎቹንና ደም ሥሮቹን ለይቶ መመርመር ተምረው ተመለሱ። በዚህ መካከል ከሒሳብ መምህር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል፤ ባለቤታቸውም በዚህ ቤት ወንበር የሚያስፈልገው ለእኔ ብቻ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከትምህርት በተመለሱ በሦስተኛው ወር፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የነበረችው ታናሽ እህታቸው በምሳ ሰዓት ጎራ ብትል አልጋው ላይ አስተኝተው አዩአት። የታችኞቹን ሁለት የልብ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ክፍተት ያዩ መሰላቸውና፣ ሰከን ብለው ዳግመኛ ሳያዩ፣ ለምርመራው የቀቧትን ጄል እንኳ ከሆዷ ሳይጠርጉ፣ የልጅሽ ልብ ቀዳዳ አለው አሏት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይህ ግን የሚለቀም አልነበረም። እህቲቱ ሁለተኛ እዚያ አልጋ ላይ አልተኛም ብላ ምላ፣ የገዛቻቸውን የሕፃን ልብሶች ለጎረቤት ሰጥታ፣ በሆዷ ያለውን ልጅ እንዳትወደው ስትታገል ሦስት ወር ከረመች። ልጁ ተወልዶ ሐኪሞች ሲመረምሩት ልቡ ምንም አልጎደለውም። የድምፅ ሞገዱ ከልብ ጫፍ በኩል ሲላክ ያንን ስስ ግድግዳ ታክኮ ስለሚያልፍ የሌለ ቀዳዳ ሊያሳይ ይችላል፤ ከጎን ሲያዩት ግን ግድግዳው ሙሉ ነው። እህታችን ይህን ተምረውት ነበር፤ ያን ቀን ግን ቸኮሉ።

ከዚያ ወዲያ ከጎን ሳያዩ አንዲት ቃል ከአፋቸው አትወጣም ነበር። ጽንሱ ካልተገላበጠላቸው እናቲቱን አስነሥተው፣ እርሳቸውም አብረዋት ኮሪደሩን እየተመላለሱ፣ መልሰው ያስተኟት ነበር፤ ሰልፉ ረዝሞ አለቃቸው በደብዳቤ ቢወቅሷቸውም ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተው ሥራቸውን ቀጠሉ። እንዲህ ሲመላለሱ አንድ ቀን፣ ከልብ የሚወጡት ሁለቱ ታላላቅ ደም ሥሮች ቦታ የተለዋወጡበትን ጽንስ አግኝተው፣ እናቲቱ የልብ ቀዶ ሐኪሞች ባሉበት እንድትወልድ አደረጉ፤ ሕፃኗም በሳምንቷ ታክማ ድና፣ ዛሬ ከእናቷ ጋር እዚህ ቆማለች።

በየዓመቱ በእህታቸው ልጅ ልደት ይመጡና፣ በር ላይ እንደቆሙ፣ ይቅር በይኝ ይሉ ነበር። እህታቸውም በየዓመቱ ያለፈው አልፏል ትላቸዋለች። ይህ ይቅርታ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ሃያ ስድስት ጊዜ እንዲህ ተባባሉ።

በጉበት ሕመም ስምንት ወር ሲማቅቁ እንኳ፣ የሚመረምራቸውን ባለሙያ በዚያኛው ጎኔ ደግሞ እየኝ እያሉ ያስቸግሩት ነበር። ባለፈው እሑድ ታናሽ እህታቸው ለሦስት ሰዓት ያህል አጠገባቸው ስትቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠየቋትም፤ እርሷም ካልተጠየቅሁ ብላ ዝም አለች። ማክሰኞ ጠዋት አረፉ።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውንና ያንን፣ ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ የሆነውን፣ የእህታቸውን ልጅ ትተው ሄደዋል። በዘመናቸው አንድ ቀን እንኳ አረፍ ማለት ያልቻለችውን ነፍሳቸውን ፈጣሪ በደጋጎቹ አጠገብ ያስቀምጥልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

እትዬ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። በልቤ ይቅር ያልኩሽ ድሮ ነበር፤ ያልነገርኩሽ ግን እኔ ነኝ።