የአምባዬ መርዶ

(ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ቸኮለ ደጃፉ ላይ ኮርቻ እየሰፋ ነው፤ ባለፈው እሑድ ባሏን የቀበረችው ፈትለወርቅ አልቀመጥም ብላ ፊቱ ቆማለች።)

ፈትለወርቅ፦ አሁን ነው የምፈልገው፣ አያ ቸኮለ። እሑድ አይደለም፤ ነገም አይደለም።

ቸኮለ፦ መጀመሪያ አረፍ በይ እስቲ። ሐዘንተኛ ቆሞ አይሟገትም።

ፈትለወርቅ፦ አልቀመጥም። ይነሡና ይንፉልኝ። «አቶ አምባዬ የሞቱት በሞተር ሳይክል አደጋ ነው፤ ያን ዕለት የተናገርሁት ስሕተት ነው» ይበሉ። ይኸው ነው።

ቸኮለ፦ ይኸው ነው? ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ከተማ መርዶ ስናገር፣ አንዱን ሟች ሁለቴ ግደለው ያለኝ ሰው የለም።

ፈትለወርቅ፦ ይህ ሁሉ የመጣው እርስዎ በጨመሯት አንዲት ቃል ነው። «አረፉ» ማለት ሲገባዎ «ተገደሉ» አሉ። ይኸው ገበያውም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ደጀ ሰላሙም ሌላ ወሬ የለው።

ቸኮለ፦ እኔ ነኝ ያስወራሁት? ሕዝቡ ድሮም በሆዱ ይዞታል። የገበያውን መሬት ድንበር ማን እንዳዛወረው ሰኞ ፍርድ ቤት ቆሞ ሊመሰክር የነበረ ቀያሽ፣ ቅዳሜ ማታ ከድልድይ ወደቀ ሲባል ሰው ምን ይበል? «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ንፍሮውን ዘግኖ ይሂድ?

ፈትለወርቅ፦ ፖሊስ አጣርቷል። ወረቀት አለ። ዘንቦ ነበር፣ ድልድዩ ያንሸራትታል፣ ጠጥቶም ነበር ይላል።

ቸኮለ፦ አምባዬ? ጠላ ሲቀዱለት አጠገቡ ላለው የሚያሳልፈው አምባዬ? ደግሞስ ሰውየው ሳይቀበር ያለቀ ማጣራት ምን ዓይነት ማጣራት ነው?

ፈትለወርቅ፦ ወረቀቱ ነው ያለው።

ቸኮለ፦ ወረቀትማ የጻፈው እጅ ያለውን ይላል። አንቺስ?

ፈትለወርቅ፦ እኔማ ፈርሜያለሁ።

ቸኮለ፦ ምን ላይ?

ፈትለወርቅ፦ «በአደጋ መሞቱን አምኛለሁ፤ ማንንም አልጠረጥርም» የሚል ላይ። የሠልስቱ ዕለት ሁለት ሰዎች መጡ። ድንኳኑ ውስጥ እንደ ሰው አለቀሱ፣ እንደ ሰው ንፍሮ በሉ። ሲወጡ አንደኛው ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ሁለተኛው የልጄን የጥሩዬን ራስ እያሻሸ፣ «ትምህርት ቤት በየት በኩል ነው የምትሄጂው፣ ሚጣ?» አላት።

ቸኮለ፦ ነገረችው?

ፈትለወርቅ፦ የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ትልቅ ሰው ሲጠይቃት ትመልሳለች። በወፍጮ ቤቱ በኩል አለችው። ... እጅዎ ደማ፣ አያ ቸኮለ።

ቸኮለ፦ ወስፌው ነው፤ ይድማ። ስሚኝ ልጄ፤ በመፈረምሽ አልፈርድብሽም። እኛንም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያሉ ነው ያሳደጉን። እኔ ግን የፈረምሁት የለም።

ፈትለወርቅ፦ እርስዎ ምን አለብዎት? ልጆችዎ በየፊናቸው ሄደዋል፤ እትዬም ዐርፈዋል። ብቸኛ ሰው ለመድፈር ምን ያንሰዋል?

ቸኮለ፦ እውነትሽን ነው። የሚነጥቁት የሌለው ሰው ጀግና ይባላል። ግን ያየሁትን አይቻለሁ።

ፈትለወርቅ፦ ምን አዩ?

ቸኮለ፦ ይቅርብሽ።

ፈትለወርቅ፦ ባሌ ነው። ምን አዩ?

ቸኮለ፦ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ቆዳ ልዘፈዝፍ ወንዝ ስወርድ፣ መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደቀ ይላል አይደል ወረቀትሽ? ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል፤ ያባራው ሊነጋጋ ሲል ነው። ሣሩ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ድንጋዩ ውኃ ቋጥሯል። የአምባዬ ኮት ግን ደረቅ ነው። አላመንሁም፤ ደረቱን ዳሰስሁት፤ የደረት ኪሱ ውስጥ እጄን ከተትሁ። ደረቅ። ዝናቡ ካባራ በኋላ አምጥተው ነው ያስተኙት።

ፈትለወርቅ፦ ለፖሊስ ነገሩ?

ቸኮለ፦ ነገርሁ እንጂ። «አንተ ሽማግሌ፣ ወደ ኮርቻህ ተመለስ» አለኝ። እሱ አልጽፍም ሲለኝ እኔ ለፈፍሁት።

ፈትለወርቅ፦ ... የጫማው ማሰሪያ።

ቸኮለ፦ ምን?

ፈትለወርቅ፦ ቀኝ እጁ ከተሰበረ ወዲህ ጣቶቹ መሪ ይጨብጡ እንደሆን እንጂ ክር መቋጠር አይችሉም። ዘጠኝ ዓመት ጫማውን ያሰርሁለት እኔ ነኝ። ቅዳሜም ሁለት ጊዜ ቋጥሬ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ከትቼ ነው የሸኘሁት። ሬሳውን ሲያመጡልኝ አንድ ቋጠሮ ነው፤ ያውም የላላ። አውልቀውት ነበር፤ ከዚያ ሌላ ሰው አሰረለት።

ቸኮለ፦ ይህን እያወቅሽ ነው «ተሳሳትሁ በል» የምትዪኝ?

ፈትለወርቅ፦ ይህን እያወቅሁ ነው።

ቸኮለ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። አሁን ብመልሰው እንኳ ሰው «ቸኮለን አስፈራሩት» ነው የሚለው። ማን ያምነኛል?

ፈትለወርቅ፦ ማንም አይመንዎ። እንዲሰማ ነው እንጂ እንዲታመን መቼ ፈለግሁ።

ቸኮለ፦ ማን እንዲሰማው?

ፈትለወርቅ፦ ይንፉ ብያለሁ! ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው።

ቸኮለ፦ ቆይ፣ እንምከር። የፈራሽው ለጥሩዬ ከሆነ፣ ዛሬውኑ በበቅሎዬ አያቷ ዘንድ አደርሳታለሁ። እዚያ ገደል ለገደል ማን ይከተላታል? ከዚያ እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ አንቺ ስለ ማሰሪያው፣ እኔ ስለ ኮቱ፣ በሁለት መቶ አባወራ ፊት እንናገራለን። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ቀን ከድልድይ አይወድቅም።

ፈትለወርቅ፦ እሑድ ሩቅ ነው።

ቸኮለ፦ ሦስት ቀን! መቃብሩ ላይ ያለው አፈር ሳይደርቅ ባልሽን ሰካራም ልታሰኚው ነው? ጥሩዬ አድጋ ስትጠይቅሽ ምን ልትመልሺላት ነው?

ፈትለወርቅ፦ አድጋ ትጠይቀኝ። እሰየው ነው። አድጋ ትስደበኝ።

ቸኮለ፦ እንግዲያስ ሂጂና አምጫት፤ እኔ በቅሎዋን ልጫን። ምነው? ሂጂ እንጂ! ምን ያገትርሻል?

ፈትለወርቅ፦ ትምህርት ቤት የሚለቁት ስድስት ተኩል ላይ ነው። በወፍጮ ቤቱ በኩል ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ እንደገና ሄድሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። «ከእኛ ጋ ናት፤ ምሳም በልታለች። የቸኮለን ጡሩምባ ስንሰማ እንሰዳታለን» አሉኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳልል ብለውኝ ነበር። ይኸው ተነፈስሁ።

ቸኮለ፦ ... ጡሩምባው ከምሰሶው ላይ ነው። አውርጂልኝና ልንፋ።