ከታክሲዋ ሥር የሚነጠፈው ካርቶን

ስልኩ ሁለቴ ሳይጠራ ሪሃና አነሳችው። አባቷ ጋሽ ዓብዱላሂ መደቡ ላይ ጋደም ብለው፣ የጫቱን ገረባ አጠገባቸው ከምረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

— ሄሎ… ናስር? ቀስ በል፣ አባባ እዚሁ ናቸው። … ተኝተዋል መሰለኝ። … አንተ ነህ የምትጮኸው፣ እኔማ እያንሾካሾክኩ ነው።

— ታክሲዋ አሁንም ዘይት ታፈሳለች? … «ትንሽ» ማለት ጠብታ ነው ጅረት? … ፈረስ መጋላ አደባባይ መሃል አታቁማት ብዬህ ነበር። ይኸው ሰው ሁሉ ከበበህ። … ሳሙና ለጥፍበት ያለህ ማነው? … የእህል ነጋዴው? በል እሱን ወደ እህሉ መልሰው።

ናስር ሽማግሌ ልላክ ብሎ ሲያስጠይቅ ጋሽ ዓብዱላሂ ወርቅ አልጠየቁም። ሰማያዊዋ አሮጌ ታክሲያቸው ከሞተሯ ክዳን ዘይት ማፍሰስ ከጀመረች ከርማለች። በክዳኑና በሞተሩ መሃል የሚገባውን ላስቲክ፣ ጋርኒሲዮኑን፣ በገዛ እጃቸው ቀይረውላት እንኳ አልተወችም። «አንተ ጠግናት። ማታ ከሥሯ ንጹሕ ካርቶን አነጥፋለሁ፤ ጠዋት አንዲት ጠብታ ካየሁበት ሽማግሌህን ሌላ ቤት ላክ» አሉት። ናስር ደግሞ ቡና ነጋዴ ነው፤ ሞተር የሚያውቀው በተሳፋሪነት ነው። ለአባቷ ቁልፍ እያቀበለች ያደገችው ሪሃና ናት።

— ቡሎኖቹን ፈታሃቸው? … ታዲያ ክዳኑን አንሳው። … በመዶሻ? ወላሂ ናስር፣ ያን መዶሻ ለባለቤቱ መልስለት። በእጅህ ጎንና ጎኑን ይዘህ ነቅነቅ አድርገው። … ተነሳ? አልሐምዱሊላህ።

— አዲሱን እንዳታስገባ፣ ገና ነው። ክዳኑን ገልብጠህ ላስቲኩን አውጣውና የተቀመጠበትን ቦይ እየው። … ከሥሩ ምን አለ? … ጥቁር? … እንደ ድንጋይ የደረቀ? የክዳኑ አካል አይደለም እሱ። በጥፍርህ ፋቀው እስቲ። … ተላቀቀ? … ሌላ ጋርኒሲዮን?

ሪሃና አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

— ቆይ፣ አዲሱ አሮጌው ላይ ተደርቦ ነው የከረመው? … አልሳቅሁም፣ ሳል ነው። … ናስር፣ ያን ክዳን መጨረሻ የከፈተው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? … አዎ። እሳቸው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ላስቲክ ሻጩን ሲረግሙ… … ለማንም እንዳታሳይ! አሮጌውን ኪስህ ክተተው። … ሸሚዜ ይቆሽሻል? ነጭ ማን ልበስ አለህ?

— አሁን ስማኝ። ቦዩንም የሞተሩንም ፊት ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጥረግ፤ ደርቆ ይጥራ። … ማጣበቂያውን፣ ሲሊከኑን፣ ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ፣ የምስር ፍሬ ታክል። … ዙሪያውን ቀባኸው? ኬክ ነው እንዴ? ጥረገው።

— እህ… አዲሱን በጣትህ እየተጫንክ ቦዩ ውስጥ አስገባ፣ የትም ጋ እንዳይታጠፍ። … ቡሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ። ከዚያ በቁልፍ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ። … አትታገለው። ያዝ ሲያደርግ ተው፤ ካጠበቅከው ላስቲኩ ይጨፈለቅና ከነአካቴው ታፈሳለች። … ሲሊከኑ ሳይደርቅም እንዳታስነሳት።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … አባባ ምን ነበረባት ካሉህ? እሱን እያሰብኩ ነው። እውነቱን ብትነግራቸው ያፍሩና ሽማግሌ አይቀበሉህም። ጎበዝ መካኒክ ነኝ ብትል ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ ከታክሲዋ ሥር ነው የምትተኛው። እኔ ሥሯ አልገባልህም፣ ከአሁኑ ልንገርህ።

ይህን ብላ ወደ መደቡ ዞር አለች። የአባቷ ዓይን እንደተከደነ ነው። የጫቱ ጉብታ ግን ከቀኝ ጉንጫቸው ወደ ግራው ተሻገረ። ጫት የያዘ ሰው እንደማይተኛ በሐረር ሕፃንም ያውቃል፤ ሪሃና በሳቁ መሃል ረስታው ነበር። የጋሽ ዓብዱላሂ ጆሮ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

— ናስር… ቆይ። … አይ፣ መስመሩ አልተቋረጠም።

— አቤት አባባ? … እሺ። … ልንገረው? … እሺ።

— ናስር፣ አባባ ነቅተዋል። … ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እኔም አልጠየቅኳቸውም። … ካርቶኑ ቀርቷል አሉ። … አዎ፣ አይነጠፍም። ሽማግሌዎቹ ነገ ከዓስር ሶላት በኋላ ይምጡ አሉ። … ኧረ እውነቴን ነው። … ደግሞ ያን አሮጌ ላስቲክ ጣለው በይው አሉ፣ እዚያው አሁኑኑ።

ጀርባዋን ለመደቡ ሰጥታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

— እንዳትጥለው። ለእኔ አምጣልኝ። … ምን ያደርግልሻል አልክ? አባባ የሠርጉን ቀን ማራዘም የጀመሩ ዕለት አውጥቼ ፊታቸው አስቀምጠዋለሁ። … በል፣ ሲሊከንህን ጠብቅ። ቻው።

ስልኩን ዘጋችና ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ ወደ መደቡ ዞረች።

— ይጥለዋል አባባ፣ ኢንሻአላህ።