ሚጡ ጫማዋን ስታቅፍ

የምስክሯ ስም፦ በታሸገ ፖስታ ተያይዟል
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ የጋራ ግቢ፣ አራተኛው በር
ከሟች ጋር ያላቸው ግንኙነት፦ ጎረቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በ14፣ ከጠዋቱ 3፡30

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ከአምና ጀምሮ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ይህን የማስቀድመው «ልጇን ሳታሳክም ትታት ነው ወይ?» ተብዬ ስለተጠየቅኩ ነው። አልጋ ላይ ሆና በአንድ እጇ ቁልፍ ትተክላለች። ታላቅየዋ ልጇ አግብታ ሩቅ አገር ናት፤ አማቿ ደግ ሰው ነው ይባላል፣ ደግነቱ ግን እዚህ ድረስ አይደርስም። አብራት የቀረችው ታናሿ ነበረች። ሚጡ እንላታለን። ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ቢሆንም ከተወለደች ጀምሮ አእምሮዋ እንደ ትንሽ ልጅ ነው።

በራችን ፊት ለፊት ስለሆነ ሃያ አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ሚጡ ሲያማት አትናገርም። ጫማዋን አውልቃ ሆዷ ላይ ታቅፋለች። ጥርሷንም ይመማት እግሯን፣ ያው ጫማዋን ነው። ይህን የምናውቀው እናቷና እኔ ነን።

ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ከአልጋው ብረት ጋር አጋጨች፤ የምትጠራኝ እንደዚያ ነው። ስገባ ሚጡ ጫማዋን ታቅፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። «እህቴ፣ እኔማ እግር የለኝ፣ አንቺ ውሰጂልኝ» አለችኝ። ከሥራ አስፈቅጄ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

4 ሰዓት ላይ ስሟ ተጠራ። አብሬያት ልገባ ስል ጥበቃው በክንዱ አገደኝና «እናቷ ነዎት?» አለኝ። ጎረቤት ነኝ አልኩት። «ካርዱ ሠላሳ አንድ ዓመት ይላል። ትልቅ ሰው ናት፣ ራሷ ትናገራለች።» «መናገሩንማ ትናገራለች የኔ ወንድም፣ ግን…» ብዬ ሳልጨርስ «እናቴ፣ መንገድ አይዝጉ» ብሎ በሩን ዘጋው። እናቷ ነኝ ብል ኖሮ ምን ነበረበት እያልኩ ይኸው እስካሁን አለሁ።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጫማዋን እንዳቀፈች ወጣች። ተከትሏት የወጣው ሐኪም ወጣት ነው፣ ክፉ ፊት የለውም። «ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ፣ ምንም የላትም። ሆዷን ስነካት ትስቃለች። ይልቅ ጫማዋን ያድርጉላት፣ ወለሉ እርጥብ ነው» አለኝ። «ዶክተር፣ ጫማዋን ካቀፈች አሟታል ማለት ነው» አልኩት። ጥበቃው «ደግሞ በጫማ መመርመር ተጀመረ?» ሲል ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ሚጡም አብራ ሳቀች። እኔም፣ ምን ልበል፣ አፍሬ ፈገግ አልኩ። ማስታገሻ ኪኒን ይዘን ተመለስን።

ማክሰኞ ጠዋት ሚጡ ጫማዋን አደረገች። ተሻላት ብለን ደስ አለን፤ እኔም ሥራ ገባሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስመለስ ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል። እናቷ መቀሱን ስታጋጭ ነው የዋለችው፤ ግቢው ውስጥ የሰማ ሰው አልነበረም። አምቡላንስ ጠርተን ትልቁ ሆስፒታል አደረስናት። የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል፣ ሲፈነዳ ሕመሙ ለጊዜው ቀለል ይላል፣ ትናንት ብትመጡ ጥሩ ነበር አለችን። ትናንትማ መጥተን ነበር። ሚጡ ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አረፈች።

መርማሪው ለጉዳዩ አያስፈልግም ቢሉኝም አንድ ነገር እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ። ሚጡ ልጅ ሳለች እንዴት ነሽ ላላት ሁሉ ያለባትን ትዘረግፍ ነበር፤ ሆዴ ነፋኝ፣ ሽንቴ መጣ፣ ምኑ ቅጡ። መንገደኛው ሊስቅባት ብሎ አስቁሞ ይጠይቃታል። አንጀቴ አልቻለም። «ሰው እንዴት ነሽ ሲልሽ ‹ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?› ትያለሽ» ብዬ፣ ባለች ቁጥር ከረሜላ እየሰጠሁ፣ ስድስት ወር አስተማርኳት። ከዚያ ወዲህ የሳቀባት የለም። ሐኪሙ ምን ብሎ እንደጠየቃት በር ላይ ቀርቼ አልሰማሁም። ምን ብላ እንደመለሰችለት ግን አውቃለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ዳቦ ጋጋሪው መጥቶ «ጠዋት ጠዋት ሰላም የምትለኝ እሷ ነበረች» አለ። የጤና ጣቢያው ጥበቃ መጣ፤ ቆቡን በእጁ እያዞረ «እኔ የታዘዝኩትን ነው» ብሎ ሳይቀመጥ ሄደ። 11 ሰዓት ላይ ወጣቱ ሐኪም መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ የሚለው ጠፍቶት መሰለኝ፣ «እንዴት ነዎት እናቴ?» አላት።

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ሥር ያለውን የሚጡን ጫማ እያየች «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?» አለችው።

ይህ ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የጨመርኩበት የለም፣ የራሴንም አልደበቅኩም። ፍርድ ቤት ብጠራ ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________