ባሕሩ፣ ተራ ቁጥር ሦስት

«እትዬ ኣብርሀት፣ የቦሌ ንፋስ ዛሬ ምን ነካው? አቧራውን ሳሎን ድረስ ይዞት ይገባል እኮ! ለተብርሃንስ ደኅና ናት? ሥራ ትሆናለች... እሰይ፣ ትሥራ። ለእኔ ስኳር ይቅርብኝ፤ ከቀበሌ ሱቅ ስንት ሰዓት ተሰልፈው እንዳመጡት አውቃለሁ።»

ኣምለሰት ይህን ስትል በእንግዳው በኩል አንዴም አልዞረችም። እንግዳው እሸቴ ነው። ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዞ ከመጣ ሩብ ሰዓት አይሞላውም። ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች የወይዘሮ ኣብርሀትን ልጅ ለተብርሃንን ሊጠይቁለት እዚህ ቤት ይመጣሉ፤ ዛሬ ብቅ ያለው የእናትየውን ፊት አስቀድሞ ለማየት ነበር። ኣምለሰት የዚህ ቤት ጎረቤት መሆኗን ማንም አልነገረውም። እሱ የሚያውቃት ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ነው። ባለፈው ግንቦት ደግሞ ከምጽዋ።

«ምጽዋ መሄዳችንን ነግሬዎት የለ? ስድስት ሆነን፣ የመሥሪያ ቤት ወዳጆች። ሁለቱን ቀን ሴሚናር ነው፤ የመጨረሻው ቀን ብቻ ለጉብኝት ተለቀቀልን። ከመካከላችን አንድ ሰው ነበር... ስሙ ምን ያደርግልዎታል? እንደሱ ያለ ጠንቃቃ ግን አላየሁም። የስድስታችን የይለፍ ወረቀት አንድ ነው፤ እሱም ያ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ያለ እሱ ወዴት ይኬዳል?»

እሸቴ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ በላን። ረታ፣ ያ የግምጃ ቤቱ ተጫዋች፣ ‹ጉርጉሱም ባሕር ዳርቻ ወርደን እንዋኝ› አለ። እኔ የድሮውን ገበያ ልይ አልኩ። ኃይለኪሮስን ጀልባ አማረው። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ተነሥቶ ይሄዳል! ያ ሰው ግን... አይ አስተዳደግ! ‹ጓዶች፣ ይህ በውይይት መፈታት አለበት› ብሎ ሊቀመንበር አስመረጠ። ማን የተመረጠ ይመስልዎታል?

«አጀንዳ አወጣ። ተራ ቁጥር አንድ፣ ወቅታዊ ዓለም አቀፍ ሁኔታ። ተራ ቁጥር ሁለት፣ የጉብኝቱ ዓላማ። ባሕሩ ሦስት ላይ ነው። ሙቀቱ አርባ ሁለት ዲግሪ፣ ባሕሩ ከሆቴሉ በር ሃምሳ እርምጃ... ይሰማል እኮ፣ እትዬ! ማዕበሉ ይሰማል! ረታ አላስችል ቢለው መስኮቱ ላይ ቆሞ አየው። ምን ተደረገ መሰለዎት? ግለ ሒስ! ‹ያለ ጉባኤው ውሳኔ ባሕር አይቻለሁ› ብሎ አርባ ደቂቃ ራሱን ወቀሰ። ምነው ጥላችሁ አልወጣችሁም ይሉኝ ይሆናል... በዚህ ዘመን ስብሰባ ረግጦ የሚወጣ ማን አለ?»

አርባ ደቂቃ አልነበረም፤ ሃያ አምስት ነው። ቃለ ጉባኤውንም የጻፈው እሸቴ ራሱ ስለሆነ በደንብ ያስታውሳል። ሊያርማት አፉን ከፈተ። ካረማት ግን ያ ሰው ማን እንደሆነ ለወደፊት አማቱ በገዛ አንደበቱ መንገሩ ነው። አፉን ዘጋና ራሱ ካመጣው ብርቱካን አንዱን አንስቶ ይልጥ ጀመር።

«ባሕሩ ይጎብኝ ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ድምፅ ሰጠን፤ ሦስት ለሦስት። ስለዚህ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ባሕሩ መኖሩን አጣርቶ ሪፖርት እንዲያቀርብ። ኮሚቴውም የሆቴሉን አስተናጋጅ ጠይቆ ‹አለ› የሚል ሪፖርት አቀረበ። በጭብጨባ ተቀበልነው! ከዚያ ስምንት ሰዓት ላይ ባሕሩ እንዲጎበኝ በሙሉ ድምፅ ወሰንን። አውቶቡሱ ወደ አስመራ የሚነሳው ደግሞ... በስምንት ሰዓት። ሻንጣችንን ተሸክመን ሮጥን። ምጽዋን እንግዲህ በአውቶቡሱ የኋላ መስታወት አየናት። ቆንጆ ከተማ ናት፤ ጀርባዋ።»

ወይዘሮ ኣብርሀት አልሳቁም። ቡፌው ላይ ወደተቀመጠው ነጭ ዛጎል ዞረው ያዩ ነበር። ለተብርሃን ከምጽዋ የመጣላት ስጦታ ነው፤ እሸቴ ጠልቆ ከባሕሩ ወለል እንዳወጣው ነግሯት፣ እሷም ለእናቷ ነግራለች።

«የሚገርመው ግን ያ ሰው ከመጣ በኋላ ዋና ዋኘሁ ይላል አሉ። ቢል ምን አለበት? ውሳኔው ጸድቋል፤ የቀረው አፈጻጸሙ ብቻ ነው። ዛጎልም ገዝቷል፤ አስመራ ገበያ ውስጥ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እትዬ... እንኳን ክፉ! ቤቱ በእሳት ቢያያዝ ውሃ ከመድፋቱ በፊት ጎረቤቱን ሁሉ የሚያማክር ሰው ነው። አራት ዓመት ሙሉ የሚወዳት ልጅም አለችው ይባላል። ስንት ሽማግሌ ይላክ በሚለው ላይ ብቻ ስምንት ወር አሰበበት። ታዲያ ልጅቷ ዕድለኛ አይደለችም? ባል ሲያጣድፋት አታይ፣ ሲያስቸኩላት አታይ...»

ወይዘሮ ኣብርሀት ከመቀመጫቸው ተነሡ። ዛጎሉን አንሥተው ገለበጡት። ከሥሩ፣ ጥፍር የምታህል የአስመራ ሱቅ የዋጋ ወረቀት ተለጥፋበታለች። እሸቴ ይህቺን ወረቀት እስከዛሬ አላያትም ነበር። እናትየው ለረጅም ጊዜ አነበቧት፤ ከዚያ ዛጎሉን ከብርቱካኑ ከረጢት ውስጥ አስገቡና ከረጢቱን እንግዳው እግር ሥር፣ ሲወጣ ሊረሳው በማይችልበት ቦታ አስቀመጡት።

ኣምለሰት ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። ስትመርቅ የቤቱ ሰው ሁሉ መዳፉን መዘርጋት አለበት፤ እሸቴም የብርቱካን ጭማቂ የሚያንጠባጥቡ እጆቹን ዘረጋ።

«ነገ እንግዳ አለብዎት ሲባል ሰምቻለሁና ልሂድላችሁ። እግዚአብሔር ቤትዎን ይባርክ። ለተብርሃንን የሚያከብራት፣ ሳያማክራት ቀኝ ግራ የማይል ባል ይስጣት። ለእርስዎ ደግሞ፣ እትዬ ኣብርሀት... የልጅ ልጅዎን አቅፈው እንዲስሙ፣ የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥዎ!»