ቁጥሩ የተፋቀው ካሜራ

ባለፈው የዝናብ ወራት መጨረሻ ላይ፣ ለማስተለቅ የሰጠሁትን ፎቶግራፍ ልወስድ ወደ ካሜራ ጠጋኙ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሱቁ ጠባብ ነው። ባንኮኒው ላይ በተነጠፈ አረንጓዴ ጨርቅ መርፌ የሚያካክሉ መፍቻዎች ተደርድረዋል፤ በግድግዳው በኩል ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ወንበር አለ። ጠጋኙ ቀለሙ እስኪደርቅ ጥቂት እንድታገሥ ስለ ጠየቀኝ ተቀመጥኩ። መጠበቅ አያስቸግረኝም።

ከጎኔ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት ይከራከሩ ነበር። ሽማግሌው ጭናቸው ላይ የሸራ ቦርሳ አቅፈዋል፤ በዚፑ ላይ ለመጋዘን በር የሚበቃ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሠራተኛው «ጋሽ መፍቻ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል፤ ጠጋኙም የሚጠራቸው በዚሁ ነው። ፎቶ ማንሳት የጀመሩት ከጡረታ በኋላ ነው፤ ለመተዳደሪያ ሳይሆን ለፍቅሩ። ወጣቷ የእህታቸው ልጅ ስትሆን በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ትሠራለች።

«እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ ሽማግሌው ድንገት ወደ እኔ ዞረው። «ይቺ ልጅ ካሜራዎ ሳይጠፋ ስለ መጥፋቱ ወረቀት ይሙሉ ትለኛለች። ይሄ ሟርት አይደለም?»

«ጋሼ፣ ሰውን አያስቸግሩ እንጂ» አለች ልጅቱ አፍራ።

«ምን አስቸገርኳቸው? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔ ሰምቻለሁ» አልኩ። «ግን ቦርሳዎ ላይ ያለው ጓጉንቸርስ? እሱም የተንጠለጠለው ሌባ ሳይመጣ ነው።»

ጠጋኙ ከባንኮኒው ኋላ ሳቀ። ሽማግሌው ቁልፉን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህ ሐሳብ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን «አያድርስ» ካልን በኋላ የሚቀረን ሥራ ያለ አይመስለንም። «አያድርስ» ግን ጸሎት ነው፤ ጸሎት ደግሞ ዝግጅትን ከልክሎ አያውቅም።

«ጋሼ» አለች ልጅቱ፣ «መድን ማለት ክፉ መጥራት አይደለም። ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲጎዳ ከተዋጣው ይካሳል። ፋብሪካ ሳሉ ለታመመ ባልደረባ አላዋጡም?»

«ያንን ሰውዬ ፊቱን አውቀዋለሁ፤ እሱም ያውቀኛል። እናንተ ግን ስትቀበሉ እንደ ምራት፣ ስትከፍሉ እንደ አማት ናችሁ።»

«ውሉን ሳያነቡ ፈርመው፣ ሲቸግራቸው የሚመጡ ሰዎች እንደዚያ ይሉናል። እኛም ዘንድ ጥፋት የለም አልልም። ለዚህ ነው አሁን፣ በሰላሙ ቀን፣ አብረን መስመር በመስመር እናንብብ የምለው።»

«ደግሞ የቤት ዕቃዬ መድን አለው። ራስሽ አይደለሽ ያስገባሽኝ?»

«እሱ ከደጃፍ አያልፍም። ካሜራው አውቶቡስ ላይ ቢሰረቅ፣ ከእጅዎ አምልጦ ቢሰበር አይመለከተውም። ለብቻው ይግባ የምለው ለዚህ ነው።»

«ከደጃፍ ካላለፈ፣ እኔም አላሳልፈውማ!» አሉ በድል አድራጊነት።

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔ እያየች ነገረችኝ። ፋብሪካው በመጪው ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ሠርቶ ይዘጋል። ሠራተኞቹ ተሰብስበው ጋሽ መፍቻ መጥተው ያንን ቀን ፎቶ እንዲያነሱላቸው ለምነዋል። እሳቸው ግን እምቢ ብለዋል። የጥጥ ብናኙ፣ የወለሉ ዘይት፣ የሰዉ ግፊያ ካሜራውን ይጎዳብኛል ብለው ነው።

«ሌላ አልገዛማ» አሉ ሽማግሌው፤ ቀልዱ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር። «በዚህ ዕድሜዬ ይሄ ከተሰበረ በቃ፣ አለቀ። ቁም ሣጥን ውስጥ ካለ ግን አለ።»

ጠጋኙ በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ለምርመራ ሰጥተውት የነበረውን ሌንስ ይዞ መጣና ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አሳያቸው። በመስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ነገር ተዘርግቷል።

«ጋሽ መፍቻ፣ ይሄ ሻጋታ ነው። ሌንሱ የታመመው ከመውጣት አይደለም፣ ከመቀመጥ ነው። ጨለማና እርጥበት ውስጥ ስንት ወር ዘጉበት?»

«እንዳይነካ ብዬ...»

«ምንም አልነካውም፤ ሻጋታ ብቻ። ገና ጅምር ስለሆነ እጠርገዋለሁ። ሁለተኛ ግን አያስሩት።»

«ይሄንንስ ድርጅትሽ ይክሳል?» ሲሉ ልጅቱን ጠየቋት።

«አይክስም» አለች ሳታመነታ። «ሻጋታ፣ እርጅና፣ በቸልተኝነት ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ አይካስም። ስርቆት፣ ድንገት መውደቅ፣ እሳት፣ ውሃ ይካሳል። ከጉዳቱም የመጀመሪያዋን ጥቂት ድርሻ የሚችሏት እርስዎ ነዎት። አልዋሽዎትም።»

ይህ መልስ ከክርክሯ ሁሉ የበለጠ የነካቸው መሰለኝ። አሻሻጭ ሁሉን እችላለሁ ሲል ነው የሚጠረጠረው። ቢሆንም ሽማግሌው በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

«እሺ፣ ካሜራውን ተካችሁልኝ እንበል። በውስጡ የነበረውን ፎቶ ማን ይመልስልኛል? ገንዘብ ፎቶ ይወልዳል?»

ልጅቱ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ ስለ ራሴ ጉዳይ በሰው ፊት የምናገር ሴት አይደለሁም፤ በዚያች ሰዓት ግን ዝም ማለት ስስት መስሎ ታየኝ።

«ባለቤቴ ፎቶ ያነሳ ነበር» አልኩ። «እንደ እርስዎ፣ ለፍቅሩ። ካሜራውን ከአውቶቡስ ላይ ሰረቁት። መድን አልነበረውም። ስልክ ፎቶ የማያነሳበት ዘመን ነበር። ሌላ እንገዛለን፣ ሌላ እንገዛለን እያልን አንድ ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ሌላ ዓመት። ከዚያ እሱ አረፈ።»

ጠጋኙ ሌንሱን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ።

«ከካሜራው ጋር የሄደው ፎቶ ብዙ አልነበረም፤ የበዛው ያልተነሳው ነው። ከእነዚያ ሁለት ዓመታት አንድም ፎቶ የለኝም። መድን የጠፋውን አይመልስም፣ እውነትዎን ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ያስነሳል።»

ሽማግሌው «ነፍስ ይማር» አሉኝ፤ ከዚያም ለእህታቸው ልጅ «በይ አምጪው ወረቀቱን» አሏት።

ቅጹ አጭር ነበር። «ፎቶ አንስተው ገቢ ያገኛሉ?» ስትል አነበበችላቸው።

«አላገኝም። የጎረቤታችንን ልጅ ሠርግ ሳነሳ ዶሮ ሰጥተውኛል።»

«ዶሮዋም ትጻፍ» አለች ልጅቱ ሳቋን እየዋጠች። «በኋላ ካሳ የሚያስከለክለው የተደበቀ ነገር ነው። ሠርግ ማንሳት ሥራዎ ከሆነ ግን ውሉ ሌላ ስለሚሆን ቀድመው ይንገሩኝ። አሁን የካሜራውን መለያ ቁጥር ይስጡኝ።»

ሽማግሌው ካሜራውን ገለበጡትና ደነገጡ። ቁጥሩ መኖር በሚገባው ቦታ ላይ ብረቱ በሞረድ ተፍቆ ያብረቀርቃል፤ በምትኩ ሦስት ነጥቦች ተመትተውበታል።

«ምን አደረጉት ጋሼ?»

«እኔ ነኝ የፋቅኩት» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሁሉ እንደዚያ ነው። በገዛ ገንዘብህ የገዛኸውን መሣሪያ ቁጥሩን ካላጠፋህና የራስህን ምልክት ካልመታህበት፣ ንብረት ክፍሉ የእኔ ነው ብሎ ይወስድብሃል። ሦስት ነጥብ የእኔ ምልክት ነው። እጄ ለምዶት...»

ንብረታቸውን ለማስከበር ያደረጉት ነገር፣ ንብረቱ የእሳቸው መሆኑን የሚመሰክረውን አጠፋባቸው። ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያለ ቁጥር ድርጅቱ እንደማይቀበል ከፊቷ ይነበብ ነበር። ደረሰኙም ከካርቶኑ ጋር ከተጣለ ቆይቷል።

ያዳናቸው ጠጋኙ ነው። ከካሜራው ውስጥ ማስታወሻ ካርዱን አውጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካና አንድ ፎቶ ከፈተ፤ ካሜራው ቁም ሣጥን ሳይገባ የተነሳች አንዲት ሸማኔ ፈትል ስትቀጥል።

«ይሄ ካሜራ ፎቶ ባነሳ ቁጥር ቀኑንና የራሱን መለያ ቁጥር በፎቶው ፋይል ውስጥ አብሮ ይጽፋል» አለ። «ይኸው ያንብቡት። እኔም አይቼ ማረጋገጫ እጽፋለሁ።»

«በደብዳቤ ከተደገፈ ኃላፊዬ ይቀበለዋል» አለች ልጅቱ ፊቷ እየፈካ። «ዛሬ ማክሰኞ ነው። ነገ ከተከፈለ ቅዳሜ ጠዋት ውሉ የጸና ይሆናል።»

ሽማግሌው ወደ ኮምፒውተሩ ተጠግተው ቁጥሩን በጣታቸው ተከተሉት። «አየሽ» አሉኝ ልክ እንደ እህታቸው እየቆጠሩኝ፣ «የአባታቸውን ስም ፋቅኩት፤ ልጆቹ ግን ሁሉም ይዘውታል።»

ይህን የምጽፈው ካሜራ ላላቸው፣ ነገር ግን ሥራዬ አይደለም ብለው ለሚዘነጉ ሰዎች ነው። የምትወዱትን ዕቃ ቁጥሩን በሁለት ቦታ ጻፉ፣ ደረሰኙን አትጣሉ፣ ዕቃውን ራሱን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። የቤታችሁ መድን ከደጃፍ ማለፍ አለማለፉን ጠይቁ። የማይካሰውን ከሚካሰው አስቀድማችሁ አንብቡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ይህን ሁሉ በጤናው ቀን አድርጉት። ትርፉ የሚታወቀው ዕቃው የጠፋ ዕለት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ባልጠፋበት ቀን ሁሉ ሳይሳቀቁ ይዞ መውጣት ራሱ ትርፍ ነው።

ቅዳሜ ሽማግሌው ስለ ጠሩኝ ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። በብናኙ መሐል፣ በዘይቱ ላይ፣ አንዴ ተንበርክከው አንዴ ደረጃ ላይ ወጥተው ያነሱ ነበር። «ጋሽ መፍቻ፣ ወገብዎን ደግሞ ማን ይጠግነዋል?» እያሉ ሸማኔዎቹ ሲያሾፉባቸው «ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ጥርስሽ ታይቷል!» ይላሉ። ከዚያ የፋብሪካው አለቃ የኃይል መቆጣጠሪያውን ዝቅ አደረገው። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሽማግሌው ካሜራ ብቻ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማ ነበር።

በዚያ ቀን በሥራ ላይ የነበሩት መቶ አርባ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ሳይነሱ አልቀሩም።